አራት ዓመት ውሃ ሳይጠጣ

እትዬ የቡና ችግኟን የገዟት ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ዋሽንግተን አጠገብ ባለች የሜሪላንድ ከተማ፣ ከአንድ ትልቅ መደብር የአትክልት ክፍል። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር። መዳፍ በምታህል የፕላስቲክ ፖት ውስጥ አሥር የሚሆኑ ቀጫጭን ችግኞች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ፈረንጆቹ ለጌጥ ነው የሚገዙት። ጅማ ተወልደው ላደጉት ለእትዬ ግን ጌጥ አልነበረችም። «ዘመዴ መደርደሪያ ላይ ለሽያጭ ተቀምጦ ባይ ዝም ብዬ አልፋለሁ?» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ጥር ላይ ቤታቸው ስሄድ ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረስንም። እጄን ይዘው በቀጥታ ወደ ሳሎኑ መስኮት ወሰዱኝ። ያ ሁሉ ብርቅርቅታ ጠፍቷል። የቅጠሎቹ ጫፍ እሳት እንደላሰው ሁሉ ጠቁሮ ደርቋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል፤ ከታች ያሉት ረግፈው ወለሉ ላይ ተኝተዋል።

«በየቀኑ አጠጣታለሁ እኮ ልጄ። ማታ ማታ ደግሞ ፊቷን በውሃ እረጭላታለሁ። ምን አጎደልኩባት?»

ፖቷን ብድግ ሳደርጋት ከመጠኗ በላይ ከበደችኝ። አፈሩ ጭቃ ነው፤ አፍንጫዬን ሳስጠጋ የሰነበተ የአበባ ውሃ ይሸታል። እግሬ ሥር ደግሞ ወለሉ ላይ ካለው የብረት ወንፊት የሚወጣው የማሞቂያ አየር የሱሪዬን ጫፍ ያወዛውዛል። ያ አየር ሌት ተቀን የሚነፍሰው በቀጥታ ቡናዋ ላይ ነበር። ከታች ጭቃ፣ ከላይ በረሃ። እትዬ የጠየቁኝ እንግዲህ ይህንን ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም መሞት እንዴት ይቻላል?

የዚህ ጥያቄ ግልባጭ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ለንደን ውስጥ አንድ ሐኪም ገጥሞት ነበር። እርሱን ያስገረመው ማንም ውሃ ሳይሰጠው ዓመታት የኖረ ተክል ነው። (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ናትናኤል ባግሾ ዋርድ በ1791 ተወለደ። በ13 ዓመቱ በመርከብ ጃማይካ ደርሶ የሞቃት አገር ዕፅዋት ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ ይባላል፤ ኑሮ ግን ሐኪም አድርጎ ከለንደን ምሥራቅ፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ዌልክሎዝ ስኩዌር በሚባል ሰፈር አስቀመጠው። ያን ጊዜ ለንደን የምትሞቀውም የምትሠራውም በድንጋይ ከሰል ነው። ጥላሸቱ ልብስ ላይ፣ መስኮት ላይ፣ ሳንባ ውስጥ። ዋርድ ጓሮው ውስጥ ድንጋይ ከምሮ፣ ከላዩ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ዘርግቶ፣ ፈርን ለማብቀል ደከመ። ፈርን በወንዝ ዳር፣ በእርጥብ ቋጥኝ ሥር፣ ጥላ ባለበት የምናየው፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀው ተክል ነው። ውሃው አልጎደለም። ተክሎቹ ግን ከጢሱ የተነሳ እየጠወለጉ አለቁ፤ ዋርድም ተስፋ ቆርጦ ተዋቸው።

በ1829 ሌላ ነገር ይዞ ነበር። የእሳት እራት ከሙሽሬዋ፣ ማለትም ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ከምትተኛበት ሽፋን፣ ስትወጣ ለማየት ፈልጎ፣ ሙሽሬዋን እርጥብ አፈር ባለበት አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ቀበረና ክዳኑን ገጠመ። በየዕለቱ ሲመለከት አንድ ነገር አስተዋለ። ቀኑ ሲሞቅ ከአፈሩ እርጥበት ይነሳል፤ የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይያዛል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርዳል። አፈሩ ሁልጊዜ ያው እንደረጠበ ነው። የእሳት እራቷ ልትወጣ ሳምንት ገደማ ሲቀራት አፈሩ ላይ ሁለት አረንጓዴ ነገሮች ብቅ አሉ፤ አንዷ የሣር ቡቃያ፣ ሌላዋ ጓሮው ውስጥ በስንት ልመና እምቢ ያለችው ፈርን። የእሳት እራቷ ነገር እዚህ ላይ ተረሳ።

ዋርድ ጠርሙሱን ከክፍሉ መስኮት ውጭ አስቀመጠው። ሁለቱ ተክሎች እዚያ አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኖሩ። ክዳኑ አልተከፈተም፤ አንዲት ጠብታ አልተጨመረም። ፈርኗ በየዓመቱ አዲስ ቅጠል ታወጣለች፤ ሣሩም አንድ ጊዜ አበበ። እኔን ከአኗኗራቸው ይልቅ የሚገርመኝ አሟሟታቸው ነው። ዋርድ ከቤት ርቆ ሳለ ክዳኑ ዝጎ ኖሮ የዝናብ ውሃ ገባባቸውና ሞቱ። አራት ዓመት ያለ ውሃ የኖሩትን የገደላቸው ውሃ ነው።

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ሳቁ። ወዲያው ግን ዐይናቸው ወደ ጭቃዋ ፖት ሄደ።

ጠርሙሱ ለፈርኗ ውሃ አልሰጣትም፤ ያላት ውሃ እንዳይሄድባት ያዘላት። ቅጠል ከሆዱ በኩል በዐይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች አሉት። ምግቡን ለመሥራት ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስገባት አለበት፤ ለዚያ ሲከፍታቸው ደግሞ ውስጡ ያለው እርጥበት ሾልኮ ይወጣል። ሥሩ ከታች እየሳበ የወጣውን ይተካል። አየሩ እርጥብ ከሆነ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ ሥሩ አይቸገርም። አየሩ ሲደርቅ ግን እንደ ደረቅ ጨርቅ ይመጠዋል፤ ሥሩ መላክ ከሚችለው በላይ ይወስዳል። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከመስመሩ ሁሉ መጨረሻ ያለው የቅጠሉ ጫፍ ነው፤ የቧንቧ ግፊት ሲቀንስ ኮረብታ ላይ ያለው ቤት ቀድሞ ውሃ እንደሚያጣው።

እትዬ ያደረጉት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ የደረቀ አይተው ውሃ ጨመሩ። ግን ሥርም ይተነፍሳል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ከተሞላ ኦክስጅን ያጣል፤ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆም መጠጣት አይችልም። ቅጠሉ ይበልጥ ይደርቃል፤ ያዩት እጆች ይበልጥ ያጠጣሉ። እንዲህ ሆኖ የሚሞተው የቤት ውስጥ ተክል ውሃ ተረስቶበት ከሚሞተው ይበልጣል ብል ብዙም የምሳሳት አይመስለኝም።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ቡና በመስታወት ውስጥ ሆና ስትጓዝ ከዋርድም ትቀድማለች። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ወደ የመን፣ ከዚያ በሆላንዶች እጅ ወደ ጃቫ፣ ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዞረችው ቡና በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ደረሰች፤ ፓሪስ በንጉሡ የዕፅዋት ቦታ ከብርድ ተጠብቃ አደገች። በ1720ዎቹ ጋብሪኤል ደ ክሊዩ የሚባል መኮንን ከዚያች ዘር የሆነች ችግኝ ይዞ ወደ ካሪቢያኗ ደሴት ወደ ማርቲኒክ ተጓዘ። ችግኟ የነበረችው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው ይባላል። በጉዞው ላይ የመጠጥ ውሃ እያለቀ ሄዶ ለሰው ሁሉ በልክ ሲታደል፣ መኮንኑ የራሱን ድርሻ ለችግኟ ያካፍላት እንደነበር በስተርጅና ጽፏል። የታሪኩ ጀግናም ተራኪም ራሱ ነው፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ ጥቂት ጨምሮበትም ይሆናል። ቡና ግን ማርቲኒክ ላይ መብቀሉ አልቀረም።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ወገን አገኙ። «እኔስ ያንኑ አይደል ያደረግሁት?» አሉ። ልክ ናቸው። መኮንኑም እርሳቸውም ከልብ ወደዋታል፤ ሁለቱም ፍቅራቸውን የገለጹት በውሃ ነው። በደንብ የገጠመ ሣጥን ያን ሁሉ መሥዋዕትነት እንደማይጠይቅ ለማወቅ ደግሞ ዓለም መቶ ዓመት ያህል መቆየት ነበረባት።

ዋርድ የጠርሙሱን ነገር ወደ እንጨትና መስታወት ሣጥን አሳደገው። ከሃክኒው የችግኝ ነጋዴ ከጆርጅ ሎዲጅስ ጋር ሆኖ በ1833 ፈርንና ሣር የሞሉ ሁለት ሣጥኖች መርከብ ላይ አስጭኖ ወደ ሲድኒ ላከ። እስከዚያ ድረስ ተክል በባሕር መላክ ገንዘብን ባሕር ውስጥ መጣል ነበር። ወለሉ ላይ ቢያስቀምጡት ጨዋማው ውሃ ያቃጥለዋል፤ መርከቡ ሆድ ውስጥ ቢያስገቡት ብርሃን ያጣል፤ ንጹሕ ውሃ ደግሞ ለመርከበኛውም አይተርፍም። የዋርድ ሣጥኖች ግን ወራት ተጉዘው ሲደርሱ ተክሎቹ ደህና ነበሩ። ካፒቴኑ ቻርልስ ማላርድ ምሥራቹን በደብዳቤ ጻፈለት።

የመልሱ ጉዞ ይበልጥ ከባድ ነበር። በ1834 ፌብሩዋሪ ሣጥኖቹ የአውስትራሊያ ተክል ተሞልተው ሲጫኑ የሲድኒ ሙቀት ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ኬፕ ሆርንን ሲዞሩ ከዜሮ በታች 7 ገደማ ወርዶ የመርከቡን ወለል በረዶ አለበሰው። የምድር ወገብን ሲሻገሩ ወደ 49 ወጣ። ከስምንት ወር በኋላ፣ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ እንግሊዝ ሲቃረቡ 4 ዲግሪ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ቀን ውሃ አልተሰጣቸውም። ሲከፈቱ ከውስጣቸው፣ ከዚያ በፊት እንግሊዝ ውስጥ በሕይወት ታይቶ የማያውቅ የፈርን ዓይነት ለምልሞ ተገኘ። ሎዲጅስም ቀድሞ በባሕር ከሚያስመጣቸው ሃያ ተክሎች አሥራ ዘጠኙ ይሞቱበት እንደነበር፣ በሣጥኑ ግን ከሃያው አሥራ ዘጠኙ እንደሚተርፉለት ተናገረ።

ዋርድ በ1842 ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ያኔም ዛሬም ሰው የሚስተውን ነገር አበክሮ ገልጿል፤ ሣጥኑ አየር የማያስገባ እሽግ አይደለም። በመጋጠሚያዎቹ በኩል አየር ቀስ እያለ ይገባል፣ ይወጣል። ፈጥኖ ማምለጥ የሚያቅተው እርጥበቱ ነው። ብርሃንንም አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ ሣጥኖቹ መርከቡ ወለል ላይ፣ ሰማይ እያዩ ነው የሚቀመጡት። ዛሬ ተክላቸውን ለእርጥበቱ ብለው መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚዘጉባት ሰዎች ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሰምተዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ ከባለቤቱ እጅ ወጣ። ሮበርት ፎርቹን በ1848 እና በ1851 መካከል ወደ 20,000 የሚጠጋ የሻይ ችግኝ ከቻይና ወደ ሕንድ ያሻገረው በእነዚህ ሣጥኖች ነው፤ ያውም እንደ ቻይናዊ ለብሶ። የጎማ ዛፍም የወባ መድኃኒቱ ዛፍ ሲንኮናም ተጉዘውበታል። ለተክሉ መልካም የሆነ ሣጥን ለባለአገሩ መልካም ላይሆን እንደሚችል የቡና አገር ልጆች ማንም ሳይነግረን እናውቃለን፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።

ከዋርድ ታሪክ «እርጥበት በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚል ትምህርት የወሰደ ሰው ደግሞ ሌላ ገደል ይገባል። እንግሊዞቹ ራሳቸው በዚያው ዘመን በብዙ ገንዘብ ገብተውበታል። ባለጸጎቹ ኦርኪድ የሚባለውን አበባ ከሞቃት አገር በመርከብ ያስመጡ ነበር። ከዚያ የመጣ ሁሉ ሙቀትና እንፋሎት ይወዳል ብለው ስለገመቱ፣ «ስቶቭ» በሚሉት የመስታወት ቤት አስገብተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ እሳት አንድደው በእንፋሎት አፈኗቸው። አብዛኛው ኦርኪድ የሚኖረው ግን ነፋስ በሚያገኘው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ብዙዎቹም ከቀዝቃዛ ተራራ የወረዱ ነበሩ። በስብሰው አለቁ፤ እንግሊዝም የኦርኪድ መቃብር ተባለች። ነገሩን ከቀየሩት አንዱ የዴቮንሻየሩ መስፍን አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ነው። ቻትስዎርዝ ላይ ሙቀቱን ቀነሰ፣ አየር እንዲዘዋወር ከፈተ፣ እርጥበቱን ወለሉንና መተላለፊያውን በማርጠብ አመጣው። ተክሎቹ ዳኑ። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ያ የሚፈለገው እርጥበት የሻጋታ ማሳ ይሆናል።

አሁን ወደ እትዬ ሳሎን ልመለስ። እዚህ ላይ ወጥመድ የሆነብን ቋንቋችን ነው ብዬ አምናለሁ። አሜሪካ ያለነው ሰዎች የፈረንጁን የብርድ ወቅት «ክረምት» እንለዋለን። ክረምት ለእኛ ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው፤ ልብስ አልደርቅ የሚልበት፣ ጨው ዕቃው ውስጥ የሚያልብበት ወቅት ነው። የሜሪላንድ ጥር ግን፣ ቤት ውስጥ ላለ ሰው፣ ከበጋም የከፋ በጋ ነው። «በክረምት እንዴት አድርጎ አየር ይደርቃል?» አሉኝ እትዬ፤ ቃሉ ልክ እንደዚህ ነው የሚያታልለው።

የሚደርቀው እንዲህ ነው። አየር ሲሞቅ ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ጥቂት። በ0 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢጠግብ የሚይዘው ውሃ 5 ግራም ገደማ ነው። በ22 ዲግሪ ግን 19 ግራም ይይዛል። ውጭ በረዶ እየጣለ፣ አየሩ ከአፉ እስኪፈስ ጠግቦ ቢሆን እንኳ ያለው ያችው 5 ግራም ናት። ያ አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ ገብቶ ማሞቂያው 22 ዲግሪ ሲያደርሰው፣ 19 በሚይዝ እንስራ 5 ብቻ ተቀድቶ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ሩብ ያህል። ማሞቂያው ውሃውን አልወሰደም፤ እንስራውን አሰፋው። አየሩም የጎደለውን ካገኘበት ይለቅማል፤ ከከንፈራችን፣ ከእጃችን ቆዳ፣ ከቡናዋ ቅጠል። በሚቀጥለው ሳምንት ይዤላቸው የሄድኩት ርካሽ የእርጥበት መለኪያ 21 በመቶ አነበበ። ይህች ተክል በአገሯ የምትበቅለው ደግሞ ካፋና ኢሉባቦር ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ማለዳ ማለዳ ጉም በሚዋልበት ጫካ ነው።

ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ወገኖቻችን ነገሩ ተገልብጦ ይደርሳል። ዱባይ ወይም ዶሃ ውጭው እንደ ገላ መታጠቢያ ክፍል ያልባል፤ ውስጡን ግን ኤሲው ያደርቀዋል። ሕንፃው ላይ በቱቦ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ከክፍሉ አየር ተጨምቆ የወጣው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው በበኩሉ የሚያጠፋው ማሞቂያ የለውም፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ካለበት መስኮት ፖቱን ራቅ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

እትዬ ማታ ማታ የሚረጩትን ውሃ ነገር በወረቀት ላይ አሰላነው፤ እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ እኔ በስልኬ። አራት ሜትር በሦስት፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር አለው። ያንን ከ25 በመቶ ወደ 50 በመቶ ለማድረስ ወደ 145 ግራም ውሃ ማትነን ይጠይቃል። አንድ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም፤ ቀላል ይመስላል። ግን ቤት ይተነፍሳል። በየሰዓቱ የክፍሉ አየር ግማሽ በውጭው ደረቅ አየር ቢተካ፣ ያንኑ 50 በመቶ ለማቆየት በቀን አንድ ሊትር ከሦስት ሩብ ገደማ ውሃ ያለማቋረጥ መትነን አለበት። በመርጫ የሚነፉት አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ከዚህ ፊት ምንድን ነው? ቅጠሉ ላይ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ፖቱን ጠጠርና ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ማስቀመጥም በብዙ ሰው ዘንድ የተመሰከረለት ብልሃት ነው፤ ከሳህኑ ቀኑን ሙሉ የሚተነው ግን ከአንድ ብርጭቆ ብዙ አያልፍም፤ እርሱንም ያው ማሞቂያ ያባርረዋል።

«ታዲያ ያ ጭስ የሚያወጣውን ማሽን ልግዛ?» አሉኝ። የአየር ማርጠቢያውን ማለታቸው ነው። ይሠራል፤ ብዙ ተክል ላለው ሰው እኔም እመክረዋለሁ። ግን በየቀኑ መሞላት፣ በየጊዜው መታጠብ ይፈልጋል፤ በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ውሃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ ዕቃው ላይ ሁሉ ነጭ ብናኝ ያለብሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ የቤቱ ነገር አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለቤት ውስጥ የሚመክረው ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ከ60 ሲያልፍ ቀዝቃዛው መስኮት ያልባል፣ ማዕዘኑ ይሻግታል፤ አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ጠንቅ ነው። ጫካው የሚወደውን ግድግዳው አይወደውም።

ዋርድ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። እርሱ ለንደንን አላረጠበም፤ የለንደንን አየር ለመለወጥ ከሞከረበት ከጓሮው ድንጋይ ክምር ያተረፈው ሐዘን ብቻ ነበር። ያዳነችው አንዲት ጠርሙስ ናት። እኛም ሠላሳ ሜትር ኩቡን ትተን አንድ አሥረኛ ሜትር ኩብ ፈለግን። እትዬ የክረምት ልብሳቸውን የሚያስቀምጡበት ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሣጥን ነበራቸው፤ ርዝመቱ 60፣ ጎኑና ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር ገደማ። ያን የሚያህል አየር በ22 ዲግሪ እስኪጠግብ ድረስ የሚይዘው ውሃ 2 ግራም ነው። ከግማሽ የሻይ ማንኪያ በታች። እትዬ ማንኪያውን ከወጥ ቤት አምጥተው ውሃ ቀድተውበት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

ችግኞቹን ከፖቱ ስናወጣ ከአሥሩ የስድስቱ ሥር ጠቁሮ በጣት ሲነካ ይላጥ ነበር፤ እነርሱን ጣልናቸው። አራቱን ለየብቻ፣ ከሥራቸው ብዙ በማይበልጡ፣ ታቻቸው በተበሳ ትናንሽ ፖቶች፣ ውሃ በሚያሳልፍ አፈር ተከልናቸው። አንድ ጊዜ አጠጥተን እስኪንጠፈጠፍ ጠበቅን። የጠቆሩትን የቅጠል ጫፎች ግን አልነካንም፤ የሞተው ጫፍ ተመልሶ አይለመልምም፤ የቀረው አረንጓዴ ግን ሥራ ይሠራል። ቅጠሎቹን ገልብጬ ሆዳቸውን አየሁ፤ ደረቅ አየር ሲያገኙ የሚባዙ፣ ቀጭን ድር የሚያደሩ ደቃቅ ነፍሳት ይኖሩ እንደሆነ ብዬ ነው፤ እነርሱን ሣጥን ውስጥ ይዞ መግባት እባብን ከልጅ ጋር ማስተኛት ነው። አልነበሩም።

ሣጥኑን ከማሞቂያው ወንፊት አርቀን፣ ብርሃን ካለው ግን ፀሐይ በቀጥታ ከማያገኘው መስኮት አጠገብ አስቀመጥነው። የተዘጋ መስታወት ላይ የቀትር ፀሐይ ካረፈ ውስጡ ያለው ይቀቀላል። ክዳኑ ላይ በጋለ ምስማር ጥቂት ቀዳዳ በሳን፤ ይህ ለፓክስተን ኦርኪዶች መታሰቢያ ነው። መለኪያውን ውስጡ አስቀመጥኩ። በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ደውለው «ሰማንያ አራት ይላል፤ ግድግዳው አልቦታል፤ ልጥረገው?» አሉኝ። ይተውት አልኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ያልበው ከነበረ ክዳኑን ለአንድ ሰዓት ገርበብ ያድርጉት፤ ጠዋት ጤዛ ይዞ እኩለ ቀን ላይ ከጠራ ግን እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያስገቡ።

እጅን ኪስ ማስገባት ለእትዬ ከሁሉ የከበደ ሥራ ሆነ። «ሰው ቤት እንግዳ አስቀምጦ ውሃ አይሰጥም?» እያሉ ይነጫነጩ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዷ ችግኝ ሞተች፤ ቀድሞም ሥሯ የተጎዳ ነበር። ሦስቱ ቀሩ። የካቲት ላይ የአንዷ አናት ላይ ከክብሪት ራስ የማይበልጥ ሁለት አረንጓዴ ነጥብ ታየ።

ሚያዝያ ሲገባ ማሞቂያው ጠፋ፤ ችግኞቹን ለማውጣት ጊዜው ደረሰ። ይህም በአንድ ቀን አይደረግም። እርጥብ አየር ውስጥ የወጣ ቅጠል ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳውን ፈጥኖ መዝጋት ገና አልለመደም፤ በድንገት ከተጋለጠ በአንድ ከሰዓት ይጠወልጋል። ክዳኑን በመጀመሪያው ሳምንት በጣት ስፋት፣ በሁለተኛው በመዳፍ፣ በሦስተኛው ግማሹን እንዲከፍቱ ስነግራቸው እትዬ ማብራሪያ አልጠየቁኝም። «አራስ ናታ! ነፋስ እንዳይመታት ነው» ብለው ጨረሱት። ከእኔ ይልቅ ጠንቅቀው ያዙት፤ መስኮቱን የከፈተውን የልጅ ልጃቸውን እንኳ ሲቆጡት በስልክ ሰምቻለሁ።

ሰኔ ላይ ደውዬ ስለ ችግኞቹ ጠየቅኋቸው። ሦስቱም ከሣጥኑ ወጥተው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትልቋ ስምንት ቅጠል አላት፤ ብርቅርቅታዋም ተመልሷል።

«ውሃ ከጠጡ ስንት ቀን ሆናቸው?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «እኔ እንጃ» አሉኝ።